ከኮትህ ጋር የሄደው የቃላት ደብተር

ደሜ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሦስት ወር ሆነኝ። ዛሬ ግን ላለቅስብህ አይደለም የምጽፈው፤ ወሬ ይዤልሃለሁ! የሞቱ የእንግሊዝኛ ቃላት የምትለቅምበት ያ ደብተርህ ተገኘ! ባለህበት እልል በልልኝ!

መቼ ጠፋና እንደምትለኝ አውቃለሁ። እሺ፣ ልናዘዝ። ሆስፒታል ተኝተህ ደብተሬን ለልጃችን ለሊያ ስጪልኝ፣ አደራ አልከኝ። አርባህ ሲወጣ ልብስህን እንደ ወጉ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁ፣ ከአገር ቤት አዲስ ለሚመጡ ሰዎች እንዲሆን። ግራጫውን የክረምት ኮትህን ሳጣጥፍ ኪሱን ልፈትሽ እጄ እምቢ አለኝ። ሽታህ ነበረበታ! ለካ ደብተሩ እዚያው ነበር። ከዚያ ወዲያ ክሪስታል ከተማ ያለውን ቤታችንን ገለበጥኩት፤ ምድር ቤቱን፣ ጋራዡን፣ የመኪናውን ወንበር ሥር ሳይቀር። ሊያ በጠየቀችኝ ቁጥር አስቀምጬዋለሁ እያልኩ ዓመት ሙሉ ዋሸኋት። አደራ በላ መሆን እንዴት እንደሚያንገበግብ አልነግርህም።

ደግሞ እኮ በደብተሩ ስስቅብህ የኖርኩት እኔ ነኝ። ከሪችፊልድ ያርድ ሴል፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥበት፣ ያንን ያረጀ መዝገበ ቃላት ተሸክመህ ስትመጣ፣ ሰው የሚናገረውን እንግሊዝኛ ሳንጨርስ የሞተውን ታመጣብናለህ ብዬ ቀለድኩብህ። አንተ ምን ገዶህ! ባስ ነድተህ ስትመለስ ጫማህን ሳታወልቅ ትጀምራለህ። ኒም ድሮ መውሰድ ማለት ነበር፣ ብርድ ወስዶት የደነዘዘ ጣት ነም የሚባለው ከዚያ ነው ትለኛለህ፣ ጣቴን እያሻሸህልኝ። ኢክ ጭማሪ ማለት ነው፣ ኒክኔም የሚሉትም ከእሱ የመጣ የጭማሪ ስም ነው፣ ልክ እንደኛ ቅጽል ስም ብለህ ወጥ ቤት መሀል ስትጨፍር ወጡ አረረብኝ። የምትወደው አጭር አጭሩን ብቻ ነበር። ለረጅሙ ቃል ሐኪምም ጠበቃም አለለት፣ ለአጭሩ ማን አለው ትል ነበር።

ታዲያ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ በረዶው መሀል ከኋላ አንተን አየሁህ! ያው ኮት፣ እኔው የሰፋሁት እጅጌ። ደርሼ እጅጌውን ያዝኩ። ሰውዬው ሲዞሩ ጋሽ ወርቁ የሚባሉ፣ አምና የመጡ ሰው ናቸው። ኮቱ የባለቤቴ ነበር ብላቸው መረቁህ፤ እንግሊዝኛዬንም እኮ ያገኘሁት ከዚሁ ኪስ ነው አሉኝ! ደብተርህ የእንግሊዝኛ መማሪያ መስሏቸው ጥንቅቅ አድርገው ሸምድደውልሃል! ኩን ራፒድስ ከተማ የአረጋውያን መጦሪያ ሥራ ሲገቡ በፊት ለማለት ኤር፣ ቅርብ ለማለት ናይ እያሉ አለቃቸውን ግራ አጋቡ። ሽማግሌዎቹ ግን በሳቅ ሞቱ። አንዲት ጡረታ የወጣች አስተማሪማ ቁርሷን ከመቅመሷ በፊት የዕለቱን ቃል ትጠብቃቸዋለች አሉ። አየህልኝ ደሜ፣ የሞቱ ያልኳቸው ቃላት ሥራ ገብተው ሺፍት ይሠራሉ!

ጋሽ ወርቁ የሰው አደራ መሆኑን ሲሰሙ ደነገጡ፤ ማክሰኞ በፌስታል ጠቅልለው ቤት ድረስ አመጡልኝ። ለሊያ ሁሉን ተናገርኩ። አልተቆጣችኝም፤ ነጠቀችኝና ገለጠችው። ያቺ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅህ፣ ጽሑፍህን ፊደል በፊደል እየለቀመች በአማርኛ አነበበችልኝ!

ያኔ ነው ጉዱን ያወቅኩት። ስንት ዓመት አጠገቤ ሲጻፍ አንድ ቀን ገልጬ አላየሁትም። ከየቃሉ ሥር ምሳሌ አለ፣ ምሳሌው ሁሉ ደግሞ እኔ ነኝ! ኤር፦ አስካለ ከመነሳቷ በፊት ቤቱ ጸጥ ይላል። ናይ፦ አስካለ ቅርብ ናት፣ ድምጿ ከጋራዡ ይሰማል። አንተ ክፉ! ሊያ በሳቅ ፈረሰች፣ እኔም ስቄ ስቄ አለቀስኩ። ጋሽ ወርቁ ስሜን ስነግራቸው ፈገግ ያሉት ለካ ለዚህ ነው።

ለእሳቸው አዲስ ደብተር ገዝተን እየገለበጥንላቸው ነው፤ ሊያ ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ትናንት ኪት የሚለው ላይ ደረስን። የሚያውቁት ሰው፣ የራስ ሰው ማለት ነው፣ ማወቅ ከሚለው የጥንት ቃል የመጣ ብለሃል። ምሳሌ፦ በዚህ አገር ማንም ባያውቀኝ አስካለ ታውቀኛለች።

እኔ እኮ አላወቅኩህም ነበር፣ ደሜ። አሁን በቀን አንድ ገጽ እያወቅኩህ ነው። እንዴት እረሳሃለሁ? ገና አልጨረስኩህማ።

ያንተው አስካለ