የተሰበረው ዳንቴል

ኦክቶበር 5

ባሕሩ ከጠዋት ሸሽቶ ነበር። ከጓደኛዬ ከሮዌና ጋር ወደ ዳርቻው ወረድን። የፎቶ አስተማሪው ጋሪክም ተማሪዎቹን እንደ መንጋ ነድቶ መጣ... ሁሉም ውድ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፣ የሚያይ ዓይን ግን አንድም የለ።

«ድንጋዩ ላይ የምትስቅ ሴት አትታያችሁም?» ይላቸዋል። አዎ፣ አዎ ይላሉ። የምትስቅስ ነበረች... እኔ። የአሸዋ ድንጋይ ነው እኮ፤ ጨውና ነፋስ የቦረቦረው። ለምን ፊት ይፈለግለታል? ድንጋይ መሆኑ ምን ጎደለው?

ሮዌና በጆሮዬ፣ «ዝም በይ፣ ይሰሙሻል» አለችኝ። ሳቃችንን ለማፈን ጀርባችንን ሰጠናቸው።

ዳንቴሉን አላገኙትም። ከገደሉ ጀርባ ነው። ባሏ የሞተ ሰሞን ለሮዌና ያሳየኋት እኔ ነኝ። ዳንቴል ያልነውም አብረን ነው። ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ድንጋይ ነው፣ መሃሉ እንደ ወረቀት የሳሳ። ስንት ዓመት ሞከርኩት... ልክ የሆነ ፎቶ አልወጣልኝም። ብርሃኑ እንቢ ይላል።

ኦክቶበር 9

ዝናብ። ጋሪክ ኢንተርኔት ላይ አዲስ ፎቶ ለጥፏል። «የድንጋይ ነፍስ» ይለዋል። የራሱን ነፍስ ፈልጎ ቢያጣ ነው።

ኦክቶበር 16

ዳንቴሉ ተሰብሯል።

ማዕበል አይደለም። መሃሉ ብቻ ነው የተመታው፤ ጠርዙ ላይ የብረት ጭረት አለ። ከሥሩ ስባሪ አነሳሁ። እጄ ላይ አሸዋ ሆነ።

ጋሪክ ነው። ሌላ ማን ይሆናል? ለሮዌና ደወልኩ። «እንደሱ ያለ ሰው ምን ይሳነዋል» አለች።

ኦክቶበር 22

የካሜራ ማኅበራችን ስብሰባ። ሰው ሁሉ እየሰማ ጋሪክን ተናገርኩት።

«መዶሻ ይዘህ ነው ፎቶ የምታስተምረው?»

ፊቱ ቀላ። «የቱን ድንጋይ ነው የሚሉት፣ ወይዘሮ ዊልማ?»

«ጭራሽ አታውቀውም?»

«የት እንዳለም አላውቅ። ቢያሳዩኝ ደስ ባለኝ።»

እንዴት ያለ ለስላሳ ውሸታም ነው... ሮዌና ከጎኔ ሆና የኮቷን ቁልፍ ትነካካለች።

ኖቬምበር 8

የዓመቱ ኤግዚቢሽን። አንደኛ ሮዌና። ፎቶዋ ዳንቴሉ... ሳይሰበር። ብርሃኑ ከጎን ገብቶ እያንዳንዷን ቀዳዳ ሞልቷታል። እንደዚያ ያለ ፎቶ አይቼ አላውቅም። እየቀናሁም አጨበጨብኩ።

በመኪናዋ ስንመለስ ጠየቅኋት።

«መቼ አነሳሽው?»

«በዚያው ሰሞን።»

«ሲሰበር ስደውልልሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

መንገዱን ብቻ ታያለች። ያን ጊዜ ገባኝ።

«ሮዌና... አንቺ ነሽ?»

«ባሕሩስ ይተወው ነበር? ትንሽ ቀደምኩት እንጂ።»

«ለምን?»

«አንድ ቀን ብርሃኑ ለአንቺም ይመጣ ነበራ። ከእኔ የተሻለ ታነሺው ነበር። እንደ ሁልጊዜው።»

አቁሚ አልኳት። በዝናብ በእግሬ ቤቴ ገባሁ። ጋሪክን እንኳ እንዲህ አልናቅሁትም። እሱ አያይም። እሷ ግን አይታ፣ ምን እንደሆነ አውቃ...

ኖቬምበር 10

ለማኅበሩ ተናገርኩ። ሮዌና አልካደችም። ሽልማቱን መልሳ፣ «ለአንድ ድንጋይ ይህ ሁሉ?» ብላ ወጣች አሉኝ።

ጋሪክ ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ሻይ ሰጠኝ። ሻዩም እንደ ፎቶዎቹ... ስኳር በስኳር።

«በእርስዎ ቦታ ብሆን እኔም የምጠረጥረው እኔን ነበር» አለ።

ያን ያህል ሞኝ አይደለም ማለት ነው? እንጃ።

ኖቬምበር 23

ወደ ዳንቴሉ የሚያወርደው ቁልቁለት ያዳልጣል። ሁልጊዜ የምይዘው የሮዌናን ክንድ ነበር። ዛሬ የጋሪክን ያዝኩ።

ስብራቱን አሳየሁት። ይለፈልፋል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ። ካሜራውን ከቦርሳው አላወጣም። ኮፍያውን አውልቆ ቆመ፣ ብዙ ቆየ። «ሳይሰበር ባየው ኖሮ» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

ሽቅብ ስንወጣ ሮዌና ከመኪናዋ አጠገብ ቆማለች።

«ዊልማ» አለች፣ ቀስ ብላ።

የጋሪክን ክንድ ሳልለቅ አለፍኳት።