ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ስለ መሞቱ

ቢሮቢጃን፣ ኦክቶበር 1956

ለተከበሩ ጓድ የክልላችን መዝገብ ቤት ኃላፊ

ጤና ይስጥልኝ። እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በመስኮቱ በኩል የሚያስተናግዱን ጸሐፊዎም ጭምር እንደምን ከርማችኋል? እኔ የመምህር ፋይቪሽ ባለቤት ሄንያ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በልብስ ስፌት ፋብሪካችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ የለጠፍኩት፣ በእጅ የሰጠኋችሁ አራት ማመልከቻዎች በሥራ ብዛት ስለጠፉባችሁ ነው።

አንደኛ፣ ላመስግን። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት መንግሥት ለአይሁድ አገር ሰጥቻለሁ፣ ኑ ባለን ጊዜ ከኦዴሳ በባቡር መጣን። የጠበቀን ረግረግና ትንኝ ነበር፤ ይሁን፣ ትንኝ የሌለበት አገር የት አለ። ባለቤቴ በቋንቋችን በይዲሽ እንዲያስተምር ማኅተም ባለው ደብዳቤ ታዘዘና አስተማረ። በአሥራ አምስተኛው ዓመት በይዲሽ በማስተማሩ ማኅተም ባለው ሌላ ደብዳቤ ታስሮ ተወሰደ። የሁለቱም ማኅተም ቀለም ሐምራዊ ነው። ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። የባቡር ጣቢያው ስም ግን እስከ ዛሬ በፊደላችን ተጽፎ ይታያል፤ የሚያነበው ልጅ ስለሌለ ማንንም አያስቸግርም።

ሁለተኛ፣ አምና የሰጣችሁኝ የሞት ወረቀት ባለቤቴ ማርች 9 ቀን 1950 በሳንባ ምች ሞተ ይላል። በእኛ ወግ ሰው በሞተበት ዕለት በየዓመቱ ከምሽት እስከ ምሽት መብራት ይበራለታል፤ ቀኑን ከሳተ ግን መብራቱ የማንም አይደለም። በወረቀታችሁ አምኜ ማርች 9 አበራሁ። በበጋ ከእስር የተፈታ ሰው ከፋይቪሽ ደብዳቤ አመጣልኝ፤ በ1951 በገዛ እጁ የጻፈው ነው። የሱፍ ካልሲ ላኪልኝ ይላል።

ደብዳቤውን ለጸሐፊዎ ባሳይ፣ «ውይ፣ እንግዲያው ተሳስተናል፣ እትዬ ሄንያ» ብለው እዚያው በቆምኩበት ሌላ ወረቀት ጻፉልኝ፤ ኖቬምበር 21 ቀን 1952፣ የልብ ድካም። ቀኑን ከየት እንዳገኙት ብጠይቅ፣ «ዋናው መሞቱ አይደል? ቀኑ ምን ያደርግልዎታል?» አሉኝ። ስለ ቅልጥፍናቸው ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

ሦስተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ አሁን አላስታውሰውም። ማልቀስ ከተወኝ ቆይቷል። ካልሲውን ሠርቼ ጨርሻለሁ፤ መሳቢያ ውስጥ ነው።

የምለምነው ቤት ወይም ካሳ አይደለም። ባለቤቴ የሞተበትን እውነተኛ ቀን ብቻ ይንገሩኝ።

አገር የሰጠኝን ወንበር ከልብ የማከብር፣ ባለ ሁለት ወረቀቷ መበለት
ሄንያ

ሳልዘነጋው፦ መልስዎ እስኪደርሰኝ ድረስ መብራቱን በየቀኑ አበራለሁ፤ ከዓመቱ ቀናት አንዱ የእሱ መሆኑ አይቀርምና። ቤቴ ከቢሮዎ ፊት ለፊት ነው። ብርሃኑ ዓይንዎን ካስቸገረዎት አንዲት እውነተኛ ቀን ይላኩልኝ፤ በሌላው ቀን ሁሉ አጠፋዋለሁ።