ጣት መቀሰር ነውር መሆኑን ስላስተማሩኝ

የጥገኝነት ማመልከቻዬን መርምረው ውድቅ ላደረጉት የተከበሩ ሹም
ለንደን

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ውሳኔዎ የጸና ይሁን እያልኩ ከዚሁ ከተማ ከሃክኒ ሰፈር የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ሐረገወይን እባላለሁ፤ ስሜን በውሳኔዎ ውስጥ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ስላሰፈሩት፣ ከሦስቱ የትኛዋን እንዳባረሩ ግራ እንዳይገባዎ ብዬ ነው።

፩. በቃለ መጠይቁ ላይ፣ በምርጫ 97 ማግስት የቀበሌያችን ሹም አቶ ባዩ በታናሽ ወንድሜ በሔኖክ ላይ እንደጠቆሙበት፣ ቀጥሎም በእኔ ላይ እንደጠቆሙብኝ አስረድቼ ነበር። እዚሁ ለንደን ተወልዶ ያደገው አስተርጓሚ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ እናቱን ያኑርለት፣ ቃሉን ጣት መቀሰር አድርጎ አቀረበልዎት። እርስዎም ጣት መቀሰር ነውር ቢሆንም ጥገኝነት የሚያሰጥ በደል አይደለም ብለው ወሰኑ። ስለ ሥነ ምግባር ትምህርቱ አመሰግናለሁ። በእኛ ዘንድ ግን ተጠቆመበት ማለት የሰውየው ስም ለያዥ ተላልፎ ተሰጠ ማለት ነው። ሔኖክን በጠራራ ፀሐይ ከደጃችን ወሰዱት፤ የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አናውቅም።

፪. ጠቋሚው ዋሽተው ከሆነ በስም ማጥፋት ልከሳቸው ይገባኝ እንደነበር ጽፈውልኛል። ሕግ አዋቂነትዎን ሳላደንቅ አላልፍም። አቤቱታዬን የምሰጠው ግን አቶ ባዩ እግራቸውን ዘርግተው ሻይ ለሚጠጡበት ለዚያው ፖሊስ ጣቢያ ነበር። ጅብን ለጅብ መክሰስ ማለት ይኸው ነው፤ እኔም አልከሰስኩም።

፫. ይህችን እንኳ ቅሬታ አልላትም፤ አድናቆት ናት። ባለፈው ሰሞን ስሙን ያልተናገረ ሰው ደውሎ፣ ካምደን በሚገኝ ምግብ ቤት ያለ ፈቃድ ሳህን ታጥባለች ብሎ ሲጠቁምብኝ፣ መሥሪያ ቤትዎ ውሎ ሳያድር ሰው ላከ። ያን ጊዜ ቃሉ አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ያገኙኝ ሳህን ሳጥብ ሳይሆን ምሳዬን ስበላ ስለነበር ይቅርታ ጠይቀው ሄዱ። እኔ ግን ዩኒፎርም ለብሰው ስማቸውን ሳይነግሩኝ ስሜን ሲጠሩኝ ጉርሻው በአፌ እንዳለ አለቀስኩ።

ክቡር ሆይ፣ ሽሙጡን ለአፍታ ልተወውና፣ ፈርቻለሁ። ይግባኜ ከወደቀ የምትመልሱኝ ወንድሜን ወደ ወሰዱት ሰዎች ነው።

ብዕርዎ እንዳይነጥፍ፣ በርዎም እንደ ልማዱ ተዘግቶ እንዲሰነብት እየተመኘሁ፣ ለሰጡኝ ትምህርት ሁሉ እጅ እነሣለሁ።

ውሳኔዎን በሚገባ ያነበበች፣
ሐረገወይን

ማስታወሻ፦ ስጋት ካለብኝ ማንም ወደማያውቀኝ ሌላ ከተማ ሄጄ እንድኖር መክረውኛል፤ ግሩም ምክር ነው። ነገር ግን አዲሱ ቀበሌ መታወቂያ የሚሰጠኝ ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ ሳመጣ ነው። መሸኛውን የሚፈርሙት፣ የምሄድበትንም ከተማ ስም በገዛ እጃቸው የሚጽፉበት፣ አቶ ባዩ ናቸው።