ጋሽ ዳቦ ባዶ ከረጢት ይዞ የመጣ ዕለት

ለምወድሽ እናቴ፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያምሻል ወይስ ሻል አለሽ? አባዬንስ ሳሉ ለቀቀው? እህቴና ያቺ ለፍላፊ ልጇስ ደኅና ናቸው? እኔ ጤና ነኝ። ልቤ ግን ከቅዳሜ ወዲህ አልተረጋጋም፤ ሳልቆይ መልሼ የጻፍኩልሽም ለዚሁ ነው።

የምሠራበትን ቤት ታውቂዋለሽ፤ ለተቸገሩ ቤተሰቦች ቅዳሜ ቅዳሜ ምግብ የሚታደልበት መጋዘን ነው። የዚህ አገር መንግሥት ለእኛ ይልክ የነበረውን እህልና ዘይት አቋረጠ። ያ አልበቃ ብሎት፣ ቤተሰቦቹ ዳቦና ወተት የሚገዙበትን የምግብ ካርድ በግማሽ ቀነሰው። አሁን ወረፋው መንገድ ተሻግሮ ፋርማሲው በር ደርሷል፤ መደርደሪያችን ደግሞ እየሳሳ ሄዷል።

ጋሽ ዳቦን አጫውቼሻለሁ አይደል? መንገዱ ጥግ ላይ ያለው ዳቦ ጋጋሪ፤ ስሙን ያወጡለት የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ትኩስ ዳቦ በሣጥን ተሸክሞ ይመጣና፣ ሽርጥ ታጥቆ ከእኛ ጋር ሲያድል ይውላል። ባለፈው ቅዳሜ ግን ሣጥን አልያዘም። እኔም ዓይኔን ሳላሽ «ዛሬማ አረፈድክ ጋሼ፣ ቶሎ በል!» ብዬ ሽርጡን ወረወርኩለት።

ተቀብሎ ታጠቀው። ድንች መዘነ፣ ሩዝ ከፋፈለ፣ የአሮጊቶቹን ዕቃ እስከ በር ተሸከመላቸው። ቀልዱ ብቻ የለም። እኔ ሞኟ፣ ከሚስቱ ጋር ተኳርፎ ነው ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

የመጨረሻዋ ሴትዮ ስትወጣ ሽርጡን ፈትቶ አጣጠፈው። ከዚያ ከኪሱ ባዶ ከረጢት አወጣና መሬት መሬት እያየ፣ «ለእኛ ቤት የሚሆን ነገር ተርፎ ይሆን?» አለኝ።

እማዬ፣ ለካ ደንበኞቹ እነዚያው በካርድ የሚገዙ ቤተሰቦች ኖረዋል፤ ካርዱ ሲቀነስ እነሱ ቀሩ፣ እሱም ዳቦ ቤቱን ዘጋ። ለመለመን የመጣውን ሰው ሥራ አስያዝኩት! ዞር ብዬ መደርደሪያውን ባየው አንዲት ጣሳ እንኳ የለም፤ በገዛ እጁ ለሰው አድሎ ጨርሶታል። ምሳዬን ልሰጠው ብል «አንቺስ ምን ልትበዪ ነው?» ብሎ ተቆጣኝ። ግማሹን በግድ አስያዝኩት።

አሁን ደግሞ ሰኞ ካርዱን ከቀነሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሊጎበኙን ነው አሉ። አለቃችን ባዶ ካርቶን ደርድረን መደርደሪያውን እንድንሸፍን አዘዘችን፤ እንግዳ ሲመጣ ቤት ማሳመር ትወዳለች። አይሆንም አልኳት። አፌ እንደማያርፍ ታውቂያለሽ፤ ይልቅ መደርደሪያውን እንዳለ ተሸክመን በራቸው ላይ እናቁመውና የቆረጣችሁትን መልሱ እንበላቸው አልኩ። አባርርሻለሁ ብላ ደነፋችብኝ። የምሯን ከሆነ ሥራዬ አለቀለት፤ ፈርቻለሁ፣ አልዋሽሽም። ወረፋ የሚጠብቁት ግን አብረንሽ ነን ብለውኛል። ጋሽ ዳቦም «አንዱን ጫፍ እኔ እይዛለሁ» ብሏል።

እህቴን ሳሚልኝ። ለፍላፊዋን ጉንጯን ቆንጥጪልኝ፤ ሳህኗ ላይ እንዳታስተርፍ ንገሪያት። አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። «እዚያ አገር ደግሞ ማን ይራባል?» የሚላትን ነገር ግን ይተዋት፤ እዚህ ዳቦ ጋጋሪው ተርቧል።

ልጅሽ
ከመጋዘኑ ጓዳ
ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፩ ቀን