የኢዋን ዝምታ

ሰኞ፣ ማርች 3
ነገሩን አስቀድሜ በግልጽ ልጻፈው። ተዋናዩ ኢዋን መልድረም ቃለ ተውኔቱ እየጠፋበት ነው። ይህን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ብቻ ነን፤ እሱ፣ እህቱ ኤፊ፣ እና የድሮ አስተማሪው እኔ።

ከባሕሩ ቀዝቃዛ ንፋስ። ልብስ አጠብኩ፤ ውጭ ማስጣት አልተቻለም። ኢዋን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ መጣ። ማዕድ ቤት ተቀመጥን። እሱ በቃሉ ይላል፣ እኔ ከጽሑፉ ጋር አመሳክራለሁ። አርባ አንድ ስሕተት። ነገርኩት።

«በአሥራ አምስት ዓመቴም እንዲህ ይቆጥሩብኝ ነበር፣ ሚስ ሬኒ።»

«ያኔ ይበዙ ነበር።»

ሳቀ። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው...

ማክሰኞ፣ ማርች 4
አብረን ዓሣ ልንገዛ ወጣን። ከኤፊ ጎን ዓሣ የምትሸጠው ሴት አየችው።

«ኢንስፔክተር፣ ድመቴን የሰረቀውን ሰውዬ እስካሁን አልያዝክልኝም።»

«ፍንጭ አለኝ እመቤቴ። ድመቷ ራሷ ናት የሄደችው።»

ሠላሳ ዓመት በግላስጎና በኤደንብራ መድረኮች ተውኗል። ሰው የሚያውቀው ግን በቴሌቪዥን መርማሪ ፖሊስ ሆኖ በሠራቸው አሥራ አራት ዓመታት ነው። እዚያ ቢሳሳቱ እንደገና ይቀረጻል። መድረክ ላይስ?

አሁን እዚህ፣ በተወለደበት ከተማ፣ መርከቦችን የሚመራ የባሕር ዳር መብራት ቤት ጠባቂ ሆኖ ሊተውን ነው። ብቻውን፣ አንድ ሰዓት ተኩል። ስንመለስ መንገድ ላይ «የመጨረሻዬ ነው። በደንብ ልሥራውና ልረፍ» አለኝ።

ዓርብ፣ ማርች 7
ዘጠኝ ስሕተት።

የተውኔቱ አዘጋጅ ከሰኞ ጀምሬ በልምምዱ ላይ እንድገኝ ጠየቀችኝ። ለማንም ተዋናይ እንደሚደረገው ከመጋረጃው ጎን ተቀምጬ፣ ቃል ቢጠፋበት በሹክሹክታ ላቀብለው። እሺ አልኩ።

ሰኞ፣ ማርች 10
አጠፋሁ።

በተውኔቱ ጠባቂው የልጁን መስጠም የሚነግረውን ደብዳቤ አንብቦ ያጥፈዋል። ኢዋን አጠፈውና ዝም አለ። አንድ... ሁለት... እስከ አምስት ቆጠርኩ። ቀጣዩን ቃል ሰጠሁት።

ዞር ብሎ አየኝ።

«ሚስ፣ እየተወንኩ ነበር።»

ቀስ ብሎ ነው ያለው። አዘጋጇ ሻይ እንጠጣ አለች። ኮቱን ለብሶ ወጣ።

ተዋናይ ሆን ብሎ ዝም ሲል ቃል አይሰጠውም። ይህን አላውቅም ነበር? አውቃለሁ። ታዲያ ለምን...? ፈርቼ ነው።

ማክሰኞ፣ ማርች 11
አልመጣም።

ረቡዕ፣ ማርች 12
ኤፊ መጣች። ሳትቀመጥ ጀመረች።

«ለቲያትር ቤቱ ሌላ ሰው ፈልጉ ብሏቸዋል። እነሱ ደግሞ እስከ ቅዳሜ አስብበት አሉት።»

«አኩርፎኛል ማለት ነው።»

«ምነው ኩርፊያ በሆነ። ሲያኮርፍ የሁለት ሰው ምግብ ነው የሚበላው። አሁን ሳህኑን ነው የሚያየው።»

«ምን ይላል?»

«‹ሚስ ሬኒ እንኳ መርሳቴን ከትወናዬ መለየት ካቃታቸው፣ ተመልካቹ እንዴት ይለያል?› ይላል። እኔ ምን ልበለው? ዓሣ ነው የምሸጠው።»

ነገ ተመለሽ አልኳት።

ሐሙስ፣ ማርች 13
ጽሑፉን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አየሁት። የተሳሳተባቸው ቃላት ሁሉ ምልክት አላቸው። ዝም የሚልባቸው ቦታዎች አንድም የላቸውም። ሳምንቱን ሙሉ ቃል ብቻ ስጠብቅ... ሌላውን አልሰማሁም።

ለኤፊ የሰጠኋት ደብዳቤ ግልባጭ፦

ኢዋን፣
ሰኞ ዕለት ቃል አልጠፋብህም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። የፈራሁት ደግሞ ስለምታሳዝነኝ ሳይሆን፣ በደንብ እንድትሠራው አንተን ያህል ስለምፈልግ ነው። ዝም የምትልባቸውን ቦታዎች ጽሑፉ ላይ ማስመር ጀምሬ ሰባት አገኘሁ። የቀሩትን አንተ አሳየኝ። እነዚያ ቦታዎች ላይ የፈለግከውን ያህል ብትቆይ አፌን አልከፍትም። በሌላው ቦታ ቃል ይጠፋብሃል፤ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ያኔ እሰጥሃለሁ፣ አንተም ትቀጥላለህ። ተመልካቹ መለየት የለበትም። እኔ ከለየሁ ይበቃል፤ ለመለየት ደግሞ አንተ ልታስተምረኝ ይገባል።

ቲያትር ቤቱ እስከ ቅዳሜ ይጠብቃል። እኔ ግን ነገ ማወቅ እፈልጋለሁ። ና፣ ወይም ደውል፣ ወይም በኤፊ መልእክት ላክልኝ። እባክህ ቶሎ መልስልኝ።