አባትሽና አዲሱ የሙቀት መቆጣጠሪያ

ለዓይኔ ማረፊያ ለልጄ፦ የምትረግጪው መሬት ይመቸሽ፣ ክፉ አይይሽ፣ የሰው ፊት አይግረፍሽ። እኔ አለሁ፤ መኖር ከተባለ።

የአባትሽ አንደበት አሁንም አልተመለሰም። በረደኝም ሞቀኝም ማለት አይችልም። ክፍሉን የሚያቀዘቅዘው ማሽን ደግሞ አንዴ ከተከፈተ መንፋት እንጂ በቃኝ አያውቅም። ባለፈው ከፍቼው ረስቼ መድኃኒት ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ ከንፈሩ ጠቁሮ ሲንቀጠቀጥ አገኘሁት። ብርድ ልብሱን እንኳ መሳብ አቅቶት! አቅፌው አለቀስኩ።

የሠፈራችንን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ለምኜ አመጣሁት። ክዳኑን ፈቶ አየና "እማማ፣ ይሄ እኮ ሙቀት የሚለካለት የለውም፤ ዝም ብሎ ነው የሚነፋው" አለኝ። አልጋው አጠገብ ግድግዳው ላይ ቴርሞስታት የሚሉትን የሙቀት መቆጣጠሪያ ገጠመለት። አሁን ክፍሉ ልክ ሲሆን ማሽኑ ራሱ ይጠፋል፣ ሲሞቅ ራሱ ይበራል። እፎይ ብዬ ነበር።

ግን በበራና በጠፋ ቁጥር ግድግዳው ላይ ያለው ነገር ቀጭ ይላል። ቀጭ ሲል አባትሽ ዓይኑን ወደ በሩ ይወረውራል፤ በቁልፍሽ ከፍተሽ የገባሽ ይመስለዋል። "እሷ አይደለችም፣ ማሽኑ ነው" እለዋለሁ። እንባው በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። ደግሞ ቀጭ ሲል ደግሞ ያያል።

ሠራተኛውን ድምፁን አጥፋልኝ ልለው አስቤ አንጀቴ እምቢ አለኝ። ከዚያ በር ሌላ የሚጠብቀው ምን አለው?

ልጄ፣ ሥራ እንደሚይዝሽ አውቃለሁ፤ አልቆጣሽም። ግን እህል እየተወ ነው፣ የኔም ጉልበት ከድቶኛል። ዓይኑ ሳይደክም ነይልኝ። ፈጣሪ መንገዱን ያቅናልሽ፣ ያሳጥርልሽ።

እናትሽ