ካቴናዬን ማን ቀባው?

ማክሰኞ

በሕይወት አለሁ። ከሥራ፣ ከመናገሻ ወደ ቡራዩ ስመለስ፣ ዳገቱ መሀል ላይ ከመቀመጫው ተነስቼ ፔዳሉን ስረግጥ የብስክሌቴ ካቴና ቷ ብሎ ተበጠሰ። አስፓልቱ ላይ ተዘረጋሁ። ከኋላዬ አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ነበር። ጎማው ራሴ አጠገብ ሲጢጥ ብሎ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ፣ "እህቴ፣ ገደልኩሽ ብዬ እኮ ነበር!" አለኝ። እኔ ምን እንዳልኩት? "ጫማዬ የታል?" ጫማዬ እግሬ ላይ ነው።

እማዬ የተላጠ ጉልበቴን አይታ የለመደችውን አወረደችው። "ሴት ልጅ ምን ቆርጧት ነው ብረት ላይ ወጥታ ከመኪና የምትጋፋው? ሽጪው አላልኩሽም?" ሌላ ጊዜ መልስ አላጣም ነበር። ዛሬ ጉልበቴን ወደ ማጠብ ሄድኩ። ብሸጠው ደግሞ ያው የታክሲ ሰልፍ ነው።

ረቡዕ

ብስክሌቱን እየገፋሁ ብስክሌት ጠጋኙ ኦቦ ቶሎሳ ዘንድ ሄድኩ። ካቴናውን የሸጡልኝ እሳቸው ናቸው፤ ልጣላ ነበር የሄድኩት። "አከም ጅርታ፣ ደህና ነሽ? ምን አገኘሽ?" አሉኝ። የሆዴን ዘረገፍኩት። የተበጠሰውን ካቴና ሊያጥፉት ሞከሩ፤ እንደ እንጨት ደርቋል። አሸተቱት።

"ምን ቀባሽው?"

"ምንም! እርስዎ እንዳሉኝ፣ በጋዝ አጥቤ፣ አድርቄ፣ የስፌት መኪና ዘይት።"

ያንንም ቢሆን ክረምቱን ሙሉ ሰንፌ አላደረግኩትም።

"ይሄ የኑግ ዘይት ነው። ሲደርቅ ሙጫ ይሆናል። አቧራውን ሁሉ ይዞ ካቴናውን በልቶታል።"

ኑግ! ቤት ውስጥ ከእኔና ከእማዬ በቀር ሰው የለም። ብስክሌቱን እንደምትጠላው ሰፈር ያውቃል። ሆን ብላ ይሆን? ይህን ማሰቤ ራሱ አስደነገጠኝ። ማታ ፊቷን ማየት አቃተኝ።

ሐሙስ

ኑግ ቀብታው እንደሆነ ጠየቅኳት። ልብስ እያጠፈች ነበር። መጀመሪያ ተቆጣች፣ ከዚያ ድምጿ ቀነሰ።

"ስትገቢ ስትወጪ ሲንቋቋ እሰማው ነበር። የደረቀ ነገር ይሰበራል ብዬ ለበሩ ማጠፊያ የማደርገውን ኑግ በዶሮ ላባ እቀባው ነበር። ሳትነሺ፣ ጠዋት ጠዋት። በሰላም መልስልኝ እያልኩ።"

ቀን ቀን ሽጪው እያለች ስትሰድበኝ፣ ጎህ ሲቀድ ጎንበስ ብላ ስትቀባልኝ ኖራለች! እኔ ደግሞ ትናንት ምን እንዳሰብኩባት። አፈርኩ።

"ድምፁ ጠፍቶ አልነበር?" አለችኝ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው። የበጠሰው እሱ ነው ልላት ነበር፤ "አዎ፣ ጠፍቶ ነበር" አልኳት።

ዓርብ

አዲስ ካቴና ልገዛ ስወጣ እማዬ ነጠላዋን ደርባ ተከተለችኝ። ኦቦ ቶሎሳ ሁለት ዘረጉልን። እኔ ወፍራሙን አነሳሁ፤ ጠንካራ መስሎኝ። "እሱ ማርሽ ለሌለው ነው። ያንቺ ከኋላ ሰባት ማርሽ አለው፣ ቀጭኑን ያዢ" አሉኝ። ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ለክተው ትርፉን አወጡለት።

እማዬ ድንገት፣ "ኦቦ፣ ያንን የበጠሰው ምን ነበር?" አለች። ኦቦ ቶሎሳ እኔን አዩኝ።

"አርጅቶ ነው" አልኩ ቶሎ ብዬ።

"አዎ፣ አርጅቶ ነው" አሉ እሳቸውም።

ተመስገን።

ቅዳሜ

ማለዳ ስነሳ እማዬ ብስክሌቱ ሥር ቁጭ ብላለች። እጇ ላይ የስፌት መኪና ዘይቱ አለ። ዞር ሳትል፣ "ኑጉን ደፋሁት" አለችኝ።

አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

"ሰውየው ትናንት ሲያይሽ አይቼዋለሁ። በገዛ እጄ ልገልሽ ነበር እኮ፣ ልጄ።" አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ጨርቅ ሰጠኋት። "ዘይቱ በካቴናው በየመገጣጠሚያው አንድ ጠብታ ነው፤ ከዚያ የተረፈውን መጥረግ" አልኳት። ፔዳሉን በእጄ አዞርኩላት፤ እሷ ጠረገች።

ስወጣ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሽጪው አላለችም። ከሥራ ስመለስ ዳገቱ ሥር ገልባጩ መኪና ትዝ አለኝና ወርጄ እየገፋሁ ወጣሁት። ሰኞ በፔዳል እወጣው እንደሆነ እንጃ።